የዓለምጸሃይን ሞት ያላደረሰው ስልክ

ወንድሜ እምሩ፣

ጥፋተኛዋ ልጅህ ኤዶም ናት። ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደም ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ሰላምታውን ካስቀደምኩ ግን ልቤ ይለዝብና ሳልጽፈው እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። አሁን ተጽፏል፤ ወደ ወጉ ልመለስ።

እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? የጋምቤላ ሙቀት ጋብ አለልህ ወይስ ባሰበት? ያ ጎንበስ ስትል የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለው? ማርያም እንዴት ናት፣ ደም ግፊቷ ወረደላት? ቴዎድሮስና ማራናታ ትምህርት እንዴት ያዛቸው? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ሌላው አካሌ ደህና ነው። የሚያመኝ ሌላ ቦታ ነው፤ የምጽፍልህም እሱን ነው።

ባለፈው እሑድ ስትደውል ስልኩን የዘጋሁብህ ተቀይሜህ አይደለም። ኤዶም የት ናት ብለህ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼ ነው። ኤዶም ከእኔ ቤት ከወጣች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ። አምስት ኪሎ፣ አብራት ከተማረች ጓደኛዋ ዘንድ ናት፤ ሥራዋንም ትገባለች፤ አትስጋ። ውጪልኝ አላልኳትም። ግን ሰው ከሰማ በኋላ አብሮ ራት የማይበላበትን ቃል ተናገርኳት። እንዴት እዚያ እንደደረስን በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ እኔም ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። እስካሁን አልገባኝም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ኢህሳን ነው፣ ከእኛ ሰፈር ጨርቅ እየጫነ ወደ እናንተ የሚመላለሰው። እጅህ ላይ እንዲያኖረው አስምዬዋለሁ።

ሰፈራችን እንደምታውቀው አይደለም። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ስትወጣ የምታንኳኳው በር የለም፤ ሰፊ መንገድና መብራት ነው። ሰዉ ገሚሱ አራብሳ፣ ገሚሱ ገላን፣ ገሚሱም ስሙን እንኳ ያልያዝኩት ቦታ ገብቷል። እድሩን ግን ማንም አልለቀቀም። አርባ ዓመት አብሮ ሲቀብር የኖረ ሰው ሄዶ ከማያውቃቸው ጋር በምን አንጀቱ ይቀበራል?

ድሮ ሥራችን ቀላል ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወደ እኔ ይመጣል፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝና። ስሙን፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ለጋሽ የሲን እሰጣለሁ። ጋሽ የሲን ማንበብ አይችልም፤ ሁለት ጊዜ አነብለታለሁ፤ ከዚያ ጥሩምባውን ይዞ ከድልድዩ ይነሳና ውቤ በረሃን ዞሮ ይመለሳል። ሲመለስ ወረቀቱን ይሰጠኛል። የእነ እገሌ በር ዝግ ነው፣ አመሻሽ ላይ እመለስበታለሁ፣ ይለኛል። ሁሉ ሰምቷል እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ነበር የምጠብቀው። ደንብ ሆኖ አይደለም፤ እግሬ አልታጠፍ ስለሚለኝ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠራን።

አሁን ጥሩምባ አራብሳ አይሰማም። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረትንሣኤ፣ የደብሪቱ ልጅ የስልክ ሥራ ታውቅ የለም ወይ፣ መርዶውን በስልክ የሚያደርስ ነገር ለምን አትሠራልንም፣ ብለው በጉባኤ ተናገሩ። የደብሪቱ ልጅ ነው ያሉት፤ አንተን ረስተውህ ነው። ኤዶም እሺ አለች፤ ቅዳሜና እሑዷን እየሰዋች በነጻ ሠራችው። ሲጨበጨብላት የኮራሁት እኔ ነኝ፤ ልዋሽህ አልችልም።

ሥራውን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። አንተ የተማርክ ነህና በትክክል ይዤው እንደሆነ ንገረኝ። ስልኩ ራሱ የሚያውቀው ሰው የለም። እኔ የጻፍኩት ነገር እንደ ማመልከቻ ይጠቀለልና ሰርቨር ወደሚሉት የኮምፒዩተር መኪና ይሄዳል። መኪናው የት ነው ብላት ሌላ አገር ነው አለችኝ። መኪናው ተቀብሎ ለአባላቱ ስልክ ሁሉ ያድለዋል። እንግዲህ ዶሮ ማነቂያ የሞተ ሰው መርዶው ውጭ አገር ደርሶ ተመልሶ ነው ድልድዩ ጋ የሚሰማው። ይህ ስንት ቀን ይፈጃል አልኳት። ከሰከንድ ያነሰ ነው አለች። አላመንኩም።

ማመልከቻውን ይዞ የሚሄደውን መላላኪያ ፕሮግራም ደግሞ እሷ አልሠራችውም። ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለዓለም በነጻ የሰጡት ነው፤ እሷ ከራሷ ሥራ ውስጥ ታስገባዋለች እንጂ። ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ ወይ፣ የማን ልጆች ናቸው፣ ብላት ሳቀች። አክስቴ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ሳያውቀው በእነሱ ነው የሚላላከው፣ አለችኝ። ዘሩን በማላውቀው መላላኪያ እጅ የሰው ሞት መስጠት ያን ቀንም ደስ አላለኝም።

መኪናው የሚመልሰው በቁጥር ነው። ሁለት መቶ ካለ ደርሶኛል ማለት ነው። አራት መቶ አራት ካለ የፈለግሽው እዚህ የለም ማለት ነው። አምስት መቶ ካለ ችግሩ እኔ ቤት ነው ማለት ነው። በወረቀት ጽፋልኝ ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፌ እንደ ፊደል አጠናሁት። አምስት መቶን ወደድኩት። ሳይጠየቅ ችግሩ እኔ ቤት ነው የሚል ፍጥረት በዕድሜዬ አላጋጠመኝም ነበር።

ለሙከራ ስንልክ ላክ የሚለውን ስጫን አንዲት ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ትሽከረከራለች። መልስ እየጠበቀ ነው ትለኛለች ኤዶም። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ደግሞ አመሉን ታውቀዋለህ፤ አንዳንዴ አንድ አባታችን ሆይ እስክትደግም ትዞራለች። ያበላሸሁ እየመሰለኝ ደግሜ እጫናለሁ። አንድ ቀን የሙከራው ማስታወቂያ ለሰው ሁሉ አራት ጊዜ ደረሰ። አቶ ገብረትንሣኤ በጉባኤው ላይ፣ እድራችን ዘምኖ ዘምኖ አንዱን ሰው አራት ጊዜ መቅበር ጀመረ፣ ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ኤዶም አስተካከለችውና ክቧ ጠፋች፤ ልክ ስጫን ተልኳል የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣ ጀመር።

አሁን ዓለምጸሃይን ላንሣ። አንተ የምታስታውሳት እሠራበት የነበረው ኬክ ቤት ስትመጣ ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልላ ኪስህ ውስጥ የምትከትልህ ሴት አድርገህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ ቆመናል፤ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። እኔ አንተን ሳስተምር ፊደል ሳልቆጥር እንደቀረሁ ታውቃለህ፤ ይህን አንስቼ ላስቀይምህ አይደለም፣ ግን እውነት ነው። ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ አሁንስ ለማን ትጠብቂያለሽ ያለችኝ እሷ ናት። የኬክ ቤቱ ባለቤት ወጣ ሲል በሳሙና ውሃ እርጥብ ባንኮኒው ላይ በጣቷ ሀ ትጽፋለች፤ እኔም በጨርቁ ሳልጠርጋት እደግማታለሁ። ማታ ማታ ቀበሌው ትምህርት ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ስም የእሷ ነው፤ ከእኔ ስም ይልቅ ጸ የሚያስቸግር መሆኑን እያወቀች እሱን ጻፊ ብላኝ።

ሐሙስ ጠዋት ልጇ ጽዮን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሳያት ገባኝ። ካለቀስን በኋላ ስልኩን አንስቼ ጻፍኩ፤ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አርፈዋል፣ ቀብራቸው ነገ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ቀጨኔ መድኃኔዓለም ይፈጸማል። ፊደል እንዳይጎድል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተጫንኩ። ተልኳል አለኝ። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ እምሩ። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መርዶ ልኬ ተቀመጥኩ። ምን ያህል ቀላል ነገር ነው ብዬም አሰብኩ።

ሐሙስ ሲመሽ የመጣ የለም። ሰዉ ሩቅ ነው፣ ታክሲ አጥቶ ነው አልኩ። ጽዮን፣ እትዬ ደብሪቱ፣ ድንኳኑስ መቼ ይመጣል፣ ስትለኝ ስልኩን አውጥቼ አሳየኋት። ተልኳል ይላል አይደል፣ አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እናቷ የሞተችባት ልጅ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ዓርብም ከእድሩ የመጣ የለም። ድንኳን አልተተከለም፤ የመጡት ጥቂት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሬሳው ሲነሳ ሸካሚ ጎደለ። መንገድ ዳር መኪና ሲያጥቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ያዙልን፤ እግዜር ይስጣቸው። ከካህናቱ ጋር አሥራ ሰባት ነበርን። የማንንም ቀብር ቀርታ የማታውቅ ሴት፣ ክረምት ከበጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት የምትሄድ ሴት፣ በአሥራ ሰባት ሰው ተቀበረች።

ጋሽ የሲን ከሩቅ አይቶን ነው የመጣው። ጥቂት ሰው ሬሳ ይዞ ሲሄድ አይቶ የእንግዳ ሰው መስሎት፣ ለነፍሱ ብሎ ሊከተል ነበር የመጣው። ጽዮንን ሲያይ ደነገጠ። ወደ እኔ ተጠግቶ፣ "ደብሪቱ፣ ይህን ሞት ማነው የለፈፈው?" አለኝ። ስልኩን አውጥቼ ዘረጋሁለት። ማንበብ እንደማይችል ረሳሁ። ስልኩን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከዚያ፣ "የሰማ ሰው የለም እኮ" አለኝና ከሸካሚዎቹ አንዱን ሊያሳርፍ ሄደ። በሰባ አራት ዓመቱ።

ከቀብር መልስ አራብሳ ለሚኖረው ለኢልያስ ደወልኩ፤ በማተሚያ ቤት ያረጀው ኢልያስ ነው፣ ከዓለምጸሃይ ጋር በአንድ ግቢ ያደገው። ምንም እንዳልደረሰው ነገረኝ። አለቀሰ፤ ሲጨርስ ሰደበኝ። ሌሎቹም እንዲሁ። ለአንድም ሰው አልደረሰም።

ኤዶም ከሥራ ስትመለስ ስልኩን ሰጠኋት። ኮምፒዩተሯን ከፍታ ብዙ ካየች በኋላ ፊቷ ተለወጠ። እኔ በተጫንኩባት ደቂቃ ኔትወርኩ ተቋርጦ ነበር። መላላኪያው ወጣ፣ መንገድ አጣ፣ ሠላሳ ሰከንድ ጠበቀ፣ ከዚያ አልቻልኩም ብሎ ተመለሰ። ሁለት መቶም አራት መቶ አራትም አምስት መቶም አልመጣም፤ ሰርቨሩ ዓለምጸሃይ የምትባል ሰው መሞቷን እስካሁን አልሰማም። ታዲያ ተልኳል ያለኝ ማነው አልኳት። ስልኩ ነው አለች፤ መላላኪያው ገና በር ሳይወጣ ነው የሚለው። አልቻልኩም ብሎ ሲመለስስ ለምን አልነገረኝም ብላት፣ "ጮኾ ነበር አክስቴ፤ ጩኸቱን የሚሰማ አላስቀመጥኩም" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ቃሉ የወጣኝ። ዓለምጸሃይን እንደ ውሻ ያስቀበርሻት አንቺ ነሽ አልኳት። ልብሷን በቦርሳ ከትታ ወጣች። አልያዝኳትም።

በሦስተኛው ቀን እሑድ ጉባኤ ተጠራ። አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች። ስድቡ ገና ከበሩ ተቀበላት። አንዱ፣ ስልኩ ሃዘን ስላልለመደ ነው፣ ይላል፤ ሌላው፣ የኔን ሞት ለመንደሩ ጥሩምባ ስጡልኝ፣ ይላል። አቶ ገብረትንሣኤ እንኳ የሚቀልዱበት አንደበት አጡ። ኤዶም ተነስታ ቆመች። አክስቴ በሚገባ ጽፋ ልካለች፣ ፊደልም አላጎደለችም፣ ስህተቱ የእኔ ሥራ ነው፣ አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ጉባኤው ስልኩ እንዲቀር፣ ኤዶም ለጽዮን በአደባባይ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ የዓለምጸሃይም አርባ ላይ እንዳትገኝ ወሰነ። የአርባውን ነገር ያመጣው ኢልያስ ነው፤ ሌላው አጨበጨበ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና በቃለ ጉባኤው ላይ፣ ጥፋተኛ ኤዶም እምሩ፣ ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ጽሑፌ አልተወላገደም።

እምሩ፣ እስካሁን ያልጻፍኩልህ ነገር አለ። ክቧ ዝም ብላ አልጠፋችም። አቶ ገብረትንሣኤ ያሳቁብኝ ቀን ቤት ገብቼ ኤዶምን፣ ይህን የሚሽከረከር ነገር አጥፊልኝ፣ ስጫን ተልኳል ይበለኝና ልረፍ፣ አልኳት። አክስቴ፣ መልሱ ሳይመጣ ተልኳል ማለት ውሸት ይሆናል፣ አለችኝ። ቃሏ ይኸው ነው፣ አልረሳሁትም። ቁጥሩን ጠብቂ፣ ካልመጣ እንደገና እንዲሞክር አደርገዋለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ የምጫነው እኔ ነኝ፣ በእኔ ነው የተሳቀው፣ ዛሬውኑ አጥፊ፣ አልኳት። አጠፋችው። እንደገና የሚሞክረውን በኋላ እሠራዋለሁ ብላ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቷ ሥራ በዝቶባት አልደረሰችበትም።

ከጉባኤው ስትወጣ በሩ ላይ ደረስኩባትና ለምን ይህን አልተናገርሽም አልኳት። ዓይኔን እያየች፣ "አልችልም ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ስለፈራሁሽ እሺ አልኩ" አለችኝ። ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ታክሲ ገባች።

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳገላብጥ ነው የማድረው። ጥፋቱ የማን ነው? የማላውቀውን ነገር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እያወቀች እሺ ያለች እሷ ናት። መላላኪያው ጮኾ ነበር፤ ኔትወርኩ ነው የጠፋው፤ ኔትወርክ ደግሞ የት እንደሚጠፋና የት እንደሚገኝ የነገረኝ የለም። ይህን ሁሉ ስደምረው አንዴ እሷ ላይ ይወድቃል፣ አንዴ እኔ ላይ። የሚገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ቆማ ስትናገር እኔ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ስለፈራሁሽ ያለችው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። እኔ ማንንም ያስፈራሁ አይመስለኝም ነበር። የተበደልኩ እኔ፣ የደከምኩ እኔ፣ ሳልማር የቀረሁ እኔ፤ እንዲህ ነበር የማውቀው። የተበደለ ሰውም ያስፈራል ወይ? አንተስ ትምህርትህን ስትጨርስ ጋምቤላ ድረስ ሥራ የጠየቅከው ሥራ እዚህ ጠፍቶ ነው ወይስ ከእኔ ለመራቅ? መልሱን አትጻፍልኝ። ስትመጣ ፊትህን አይቼ እረዳዋለሁ።

የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ልሰርዘው ሁለት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቼበታለሁ። ግን ስርዝ ድልዝ ያለበት ጽሑፍ አይታመንም ብለው ነው ያስተማሩኝ። እንዳለ ይሁን፤ አንተ እስከ ታች አንብበው።

ቃለ ጉባኤው ገና አልጸደቀም። የፊታችን እሑድ ለአባላቱ ይነበባል፤ የማነበውም ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ያን ቀን ከጉባኤው ፊት ቆሜ፣ ክቧን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ኤዶም አስጠንቅቃኝ ነበር፣ ብዬ እናገራለሁ። ከእሷ ስም ጎን ደብሪቱ ወልደጊዮርጊስ ተብሎ እንዲጻፍ፣ አርባው ላይ እንዳትገኝ የተባለውም እንዲነሳ እጠይቃለሁ። ኢልያስ ይጮኻል፤ ይጩህ። አቶ ገብረትንሣኤም የሚስቁበት ያገኛሉ። ይቅርታውን ጽዮን ፊት አብረን እንጠይቃለን፤ ለኤዶም ይህን በጓደኛዋ በኩል ልኬላታለሁ፣ እስካሁን የመለሰችልኝ ነገር የለም። አንተ ደውለህ አታስገድዳት። እሺ የምትለው ፈርታ ከሆነ አልፈልገውም። ክፍሏን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ቁልፉንም ይዛው ነው የሄደችው።

ማርያምን በደንብ ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን ሰዓት እየጠበቀች ትዋጥ፣ ጨው ትቀንስ። ቴዎድሮስን፣ አክስትህ ጺምህን ልታይ ናፍቃለች፣ በለው፤ ለእህቱ ይደውልላት፣ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ራሷ ይጠይቃት። ማራናታን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ሥዕሏ ደርሶኛል፣ ዝሆኑን ዘግይቼም ቢሆን ለየሁት። ጎረቤታችሁን አብዱልሙሀይሚንን፣ የላከልኝ ማር ሳይጎድል እንደደረሰኝ ንገርልኝ። ጋሽ የሲን ሰላም ብሎሃል፤ ልጅ እያለህ ጥሩምባውን ሰርቀህ የነፋህበትን ዛሬም ያወራል።

የእድሩን መዝገብ ያን እሑድ ለጉባኤው አስረክባለሁ። በውስጡ በእጄ የጻፍኩት ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ስም አለ፤ የመጨረሻው የዓለምጸሃይ ነው፣ ጸ አላስቸገረኝም። ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ። እኔ ከእንግዲህ የሞተ ሰው ስም አልጽፍም።

እህትህ ደብሪቱ ወልደጊዮርጊስ
አራዳ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.